መዝገብና ቆጠራ፦ የሰርቨር ዲስክን የሞላውን የመፈለግ ታሪክ

የሰርቨር ዲስክ ሲሞላ ችግሩ መጀመሪያ የሚታየው ከዲስኩ ርቆ ነው። ዳታቤዝ አዲስ መረጃ አልቀበልም ይላል፤ ኢሜይል መግባት ያቆማል፤ ድረ ገጽ ባዶ ገጽ ይመልሳል፤ አንዳንዴም አስተዳዳሪው ራሱ ወደ ማሽኑ መግባት ያቅተዋል። የዚህ ሁሉ ምክንያት ዲስኩ መሆኑ ከተደረሰበት በኋላ ሁለት ጥያቄዎች ይከተላሉ። ስንት ቦታ ቀርቷል? የሄደውንስ ማን ወሰደው? በዩኒክስና ከእሱ በተወለዱት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ሁሉ የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመልሰው ዲኤፍ የሚባል ትእዛዝ ሲሆን ሁለተኛውን የሚመልሰው ዲዩ የሚባለው ነው። ሁለቱም ኖቬምበር 3 ቀን 1971 ቀኑ በተጻፈበት የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ ውስጥ አሉ፤ ዛሬም በማንኛውም የሊኑክስ ሰርቨር ላይ በዚያው ስማቸው ይጠራሉ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ትእዛዞች መልሳቸውን የሚያገኙት ከተለያየ ቦታ ነው። በመሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ቢን ካርድ እና የዓመት መጨረሻ ቆጠራ እንዳሉ ሁሉ፣ ዲኤፍ ካርዱን አንብቦ ይናገራል፤ ዲዩ ደግሞ መጋዘን ገብቶ ዕቃውን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ዲኤፍ ፋይል ሲስተሙ ስለ ራሱ የያዘውን መዝገብ ስለሚጠይቅ ዲስኩ የቱንም ያህል ቢሰፋ መልሱ ወዲያው ይደርሳል። ዲዩ ግን ከተነገረው ፎልደር ተነሥቶ በውስጡ ያሉትን ፎልደሮች ሁሉ እየዘለቀ የእያንዳንዱን ፋይል መጠን ይደምራል፤ ፋይሎቹ ሚሊዮኖች ከሆኑ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። መዝገቡና ቆጠራው ሲገጥሙ ፍለጋው አጭር ነው። ይህ ሙያ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲያዳብር የኖረው እውቀት ግን በአብዛኛው ሁለቱ ለምን እንደማይገጥሙ የሚመለከት ነው።

አይቢኤም በ1956 ያቀረበው የመጀመሪያው የዲስክ ማከማቻ፣ አይቢኤም 350፣ እያንዳንዳቸው 24 ኢንች ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች ተደራርበውበት 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ይይዝ ነበር። እንዲህ ባለ ማሽን የአንድ ድርጅት የሂሳብ ሥራ ሲሠራ ዲስኩ ላይ የሚቀመጠው ነገር አስቀድሞ የታቀደ ስለሆነ ማን ሞላው የሚል ክርክር አይነሣም። ክርክሩ የመጣው በ1960ዎቹ ብዙ ሰዎች በየፊናቸው ተርሚናል ይዘው አንድ ኮምፒውተር በጋራ መጠቀም ሲጀምሩ ነው። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክና ቤል ላብስ አብረው የጀመሩት መልቲክስ የተባለው ትልቅ ፕሮጀክት ለዚህ የሰጠው መልስ ኮታ ነበር፤ ለፎልደር የቦታ ጣሪያ ይወሰንለታል፣ ከዚያ በላይ መጻፍ አይቻልም።

ቤል ላብስ በ1969 ከመልቲክስ ወጣ። በዚያው ዓመት በኒው ጀርሲ መሪ ሂል በሚገኘው ላብራቶሪ ኬን ቶምፕሰን፣ ከዴኒስ ሪቺና ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ በአንዲት ያረጀች ፒዲፒ-7 ላይ በኋላ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት መሥራት ጀመረ። በ1970 ፒዲፒ-11 የተባለው አዲስ ማሽን ተገዛ። ማሽኑ በበጋው መጨረሻ ሲደርስ ዲስኩ ግን እስከ ዲሴምበር አልመጣም ነበር። ሲሟላ የነበረው አቅም 24 ኪሎባይት ሜሞሪና ግማሽ ሜጋባይት ዲስክ ነው፤ ዛሬ በስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ በዚያ ዲስክ ላይ አይገባም። አንድ ፋይል ከ64 ኪሎባይት መብለጥ አይችልም ነበር።

በዚህች ጠባብ ዲስክ ላይ የሚሠሩት ሰዎች ከመልቲክስ ብዙ ሐሳብ ቢወስዱም ኮታውን አላመጡትም። ተጠቃሚዎቹ ጥቂትና እርስ በርስ የሚተዋወቁ ስለነበሩ፣ ማን ምን ያህል እንደያዘ የሚያሳይ ትእዛዝ ካለ የቀረው በንግግር ያልቃል የሚል አካሄድ ይመስላል። ዋጋው ቀላል አልነበረም። ሪቺ ራሱ ስለ ዩኒክስ ደኅንነት በጻፈውና በ1979 ከሰባተኛው እትም ሰነዶች ጋር በወጣው አጭር ጽሑፍ፣ ሥርዓቱ ከልክ ያለፈ አጠቃቀምን የሚከለክልበት መንገድ እንደሌለው በግልጽ አስቀምጧል። ለማሳያም በፎልደር ውስጥ ፎልደር እየፈጠረ ያለማቋረጥ ወደ ታች የሚወርድ የጥቂት መስመር ትእዛዝ አቀረበ፤ ማንም ተራ ተጠቃሚ ያንን በማስኬድ ዲስኩን ጨርሶ ማሽኑን ሊያቆም ይችል ነበር።

መዝገብና ቆጠራ የሚለያዩበት ሥር ያለው በዩኒክስ ፋይል ሲስተም አሠራር ውስጥ ነው። በዩኒክስ ፋይል ማለት አይኖድ የሚባል ቁጥር ያለው ትንሽ መዝገብ ነው፤ መጠኑ፣ ባለቤቱና ይዘቱ ያለባቸው ብሎኮች አድራሻ የሚጻፉት እዚያ ላይ ነው። ስሙ ግን አይኖዱ ላይ የለም። ፎልደር የስሞችና የአይኖድ ቁጥሮች ዝርዝር ነው፤ ስለዚህ አንድ ፋይል በሁለት ፎልደር ውስጥ ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል፣ ምንም ስም ሳይኖረውም ሊኖር ይችላል። ዲዩ የሚጓዘው በስሞቹ ላይ ነው። ሁለት ስም ያለውን ፋይል ሁለት ጊዜ እንዳይቆጥር ያየውን የአይኖድ ቁጥር እየያዘ ይሄዳል፤ ይህ ጥንቃቄ ከመጀመሪያዎቹ እትሞች ጀምሮ ነበረ። ጉድለትም ነበረው። ሌላ ዲስክ ተቀጥሎ ሲገኝ ያኛውም ከ1 ጀምሮ የሚቆጠሩ የራሱ አይኖዶች ስላሉት፣ ዲዩ ፈጽሞ የተለየን ፋይል «አይቼዋለሁ» ብሎ ያልፈው ነበር። የቀደሙት የዩኒክስ መመሪያዎች እንዲህ ያለውን ድክመት ስለ እያንዳንዱ ትእዛዝ በሚሰጠው ማብራሪያ ግርጌ፣ ራሱን በቻለ ርእስ ሥር፣ ሳይሸፋፍኑ ይጽፉት ነበር። ብዙ የዛሬ የሶፍትዌር ሰነዶች ይህን ልማድ መተዋቸው ያሳዝናል።

ስም የሌለው ፋይል ከሁሉም ይልቅ አስተዳዳሪዎችን ያደናገረ ነገር ነው። በዩኒክስ ፋይል መሰረዝ ማለት ስሙን ከፎልደር ማውጣት ማለት ነው። ብሎኮቹ ነፃ የሚሆኑት የመጨረሻው ስም ሲጠፋና ፋይሉን ከፍቶ የያዘ ፕሮግራም ሳይኖር ሲቀር ብቻ ነው። ይህ ለፕሮግራመሮች ምቹ ነበር፤ ጊዜያዊ ፋይል ከፍቶ ስሙን ወዲያው መሰረዝ፣ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ፋይሉ በራሱ እንዲጠፋ ማድረግ የተለመደ ዘዴ ሆነ። ለአስተዳዳሪ ግን ውጤቱ ሌላ ነው። 30 ጊጋባይት የደረሰ የሎግ ፋይል ተገኝቶ ይሰረዛል፤ ዲዩ ቦታው እንደተለቀቀ ይናገራል፤ ዲኤፍ ዲስኩ አሁንም ሙሉ ነው ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሎጉን የሚጽፈው ፕሮግራም ፋይሉን እንደከፈተ ነው፣ ስም በሌለው ፋይል ላይም መጻፉን ይቀጥላል። እንዲህ ያለውን ፋይል ለማግኘት ስሞቹን መከተል ስለማይረዳ ከሌላው ጫፍ፣ ፋይሎቹን ከከፈቱት ፕሮግራሞች፣ መነሣት ያስፈልጋል። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ቪክ ኤበል የጻፈውና በ1990ዎቹ በብዙ የዩኒክስ ዓይነቶች ላይ የተስፋፋው ኤልሶፍ የሚባለው ፕሮግራም ይህን ያደርጋል። የተከፈቱ ፋይሎችን ሁሉ ይዘረዝራል፤ የስማቸው ብዛት ዜሮ የሆነውን ብቻ ለይቶ የሚያሳይበት አማራጭም አለው። መፍትሔው ፕሮግራሙን አስቁሞ ማስነሣት ነው። መጀመሪያውኑ ፋይሉን ከመሰረዝ ይልቅ ይዘቱን ወደ ዜሮ ማሳጠር ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ስም እያለው የማይታይ ፋይልም አለ። በአንድ ፎልደር ውስጥ ፋይሎች ከተጻፉ በኋላ በዚያው ፎልደር ላይ ሌላ ዲስክ ከተቀጠለ (ማውንት ከተደረገ) የቀድሞዎቹ ፋይሎች ይሸፈናሉ። ዲዩ አያያቸውም፣ መዝገቡ ግን ይዟቸዋል። የዚህ ታዋቂ መልክ ባክአፕ ነው፤ የባክአፕ ዲስኩ ሳይገናኝ በቀረበት ሌሊት ፕሮግራሙ ሁሉንም ነገር በዋናው ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ ጠዋት ዲስኩ ሲገናኝ ማስረጃው ከሥሩ ይደበቃል። ባክአፕ በቴፕ ይወሰድ በነበረበት ዘመንም ተመሳሳይ ነገር ነበር። የቴፕ ማጫወቻዎቹ ዴቭ በሚባለው ፎልደር ውስጥ እንደ ፋይል ስም አላቸው። ኦፕሬተሩ ከስሙ አንድ ፊደል ሲስት ማሽኑ የስህተት መልእክት አይሰጥም፤ በዚያ የተሳሳተ ስም ተራ ፋይል ይፈጥርና ባክአፑን በሙሉ በዋናው ዲስክ ላይ ያወርደዋል። በዚህ ምክንያት ዴቭን መፈተሽ ለረጅም ጊዜ ልምድ ያላቸው ሰዎች የመጀመሪያ እርምጃ ሆኖ ቆይቷል።

ከዚያ የመለኪያው ጉዳይ መጣ። ዲስክ የሚታደለው በብሎክ ነው፤ ከብሎክ ያነሰ ፋይልም አንድ ሙሉ ብሎክ ይይዛል። የመጀመሪያው ዩኒክስ ብሎክ 512 ባይት ነበር። ይህ ቦታ ይቆጥባል፣ ነገር ግን ዲስኩን ያዘገያል፤ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተደረገው ልኬት እንዳሳየው የቀድሞው ፋይል ሲስተም ዲስኩ ማስተላለፍ ከሚችለው ፍጥነት 2 በመቶ ገደማውን ብቻ ይጠቀም ነበር። ማርሻል ከርክ መኩሲክ፣ ቢል ጆይ፣ ሳሙኤል ሌፍለርና ሮበርት ፋብሪ ብሎኩን ወደ 4096 ባይትና ከዚያ በላይ ሊያሳድጉት ፈለጉ። በራሳቸው ዲስኮች ላይ ያገኙት ቁጥር ግን አስደንጋጭ ነበር። በ512 ባይት ብሎክ የሚባክነው ቦታ 6.9 በመቶ ነው፤ በ1024 ሲሆን 11.8፣ በ2048 ሲሆን 22.4፣ በ4096 ሲሆን ደግሞ 45.6 በመቶ ይደርሳል። ምክንያቱም በዩኒክስ ማሽን ላይ ያሉት ፋይሎች አብዛኞቹ ትንንሾች ናቸው። መፍትሔያቸው ትልቁን ብሎክ ለፋይሉ መጨረሻ ብቻ ወደ ቁርጥራጭ መክፈል ሆነ። ይህ ፋይል ሲስተም በ1983 ከበርክሌይ የዩኒክስ እትም ከ4.2 ቢኤስዲ ጋር ወጥቶ በ1984 በታተመ ጥናት ተብራራ፤ ከዲስኩ ፍጥነት እስከ 47 በመቶ መጠቀም ቻለ።

ብክነቱ ዛሬም አልቀረም። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል፤ «ሰላም» የሚል ቃል ብቻ ያለበት ፋይል 9 ባይት ነው። ብሎኩ 4096 ባይት በሆነ የተለመደ የሊኑክስ ዲስክ ላይ ግን ዲዩ ይህን ፋይል 4 ኪሎባይት ብሎ ይመዘግበዋል። በአንጻሩ በውስጡ ምንም ያልተጻፈባቸው ክፍተቶች ያሉበት ፋይል ሲዘረዘር ብዙ ጊጋባይት መስሎ ይታይና በዲዩ ሲለካ ጥቂት ኪሎባይት ይሆናል፤ ፋይል ሲስተሙ ለክፍተቱ ብሎክ አይሰጥም። ስለዚህ «የፋይሉ መጠን» የሚባለው ነገር አንድ ቁጥር የለውም።

በምን መስፈሪያ ይቆጠር የሚለውም ክርክር አስነሥቷል። በ1992 የወጣው የፖዚክስ ደረጃ የጥንቱን 512 ባይት ለዲኤፍና ለዲዩ አጸናው። የግኑ ፕሮጀክት መሥራች ሪቻርድ ስቶልማን ሰው የሚያስበው በኪሎባይት ነው ብሎ የግኑ ትእዛዞች በ1024 ባይት እንዲቆጥሩ አደረገ፤ ደረጃውን መከተል የግድ የሚሆንበት ሰው የሚያበራው መቀየሪያም አስቀመጠ። የመቀየሪያው ስም ፖዚክስ ሚ ሃርደር ነበር፣ ለፌዝ የወጣ ስም ነው፤ በኋላ ጨዋ በሆነው ፖዚክስሊ ኮሬክት ተተካ። ዛሬ አንዱ ማሽን ከሌላው እጥፍ የሆነ ቁጥር ሲሰጥ መነሻው ብዙ ጊዜ ይኸው ያልተቋጨ ጠብ ነው። ቁጥሩን በሜጋባይትና በጊጋባይት ጠቅልሎ የሚያሳየው አማራጭ ሲመጣም አዲስ እክል አብሮ መጣ። የድሮው ሰው የዲዩን ውጤት ሶርት ወደሚባለው ትእዛዝ እየላከ ትልቁን ከታች ያገኝ ነበር፤ ሶርት ግን 9 ኪሎባይትን ከ1 ጊጋባይት የሚበልጥ አድርጎ ያስቀምጣል፣ የሚያየው 9 እና 1ን ብቻ ነው። የግኑ ሶርት እነዚህን ምልክቶች ማንበብ የተማረው በ2009 ነው።

በርክሌይ የጨመራቸው ሌሎች ሁለት ነገሮች የዲኤፍን መልስ ውስብስብ አደረጉት። አንደኛው መጠባበቂያ ነው። ዲስክ ሊሞላ ሲቃረብ ፋይል ሲስተሙ ተቀራራቢ ብሎኮች ስለማያገኝ ይዘገያል፤ ስለዚህ 10 በመቶው ለዋናው አስተዳዳሪ ብቻ ተከልሎ እንዲቀር ተደረገ። ከዚህ የተነሣ አስተዳዳሪው መጠባበቂያውን ሲበላ ዲኤፍ ዲስኩ 111 በመቶ ተይዟል ይላል፣ አዲስ ሰው ሲያየው ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል። በ1993 ለሊኑክስ የተሠራው ኤክስት 2 ይህን ልማድ ወርሶ መጠኑን 5 በመቶ አደረገው፤ ዲስኩ 4 ቴራባይት ሲሆን ያ 5 በመቶ 200 ጊጋባይት ነው። ሁለተኛው፣ ዩኒክስ በልጅነቱ የተወው ኮታ ነበር። በአውስትራሊያ የሜልበርን ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ኤልዝ የሠራው የኮታ ሥርዓት በ4.2 ቢኤስዲ ገባ። ሁለት ጣሪያ አለው፤ ለስላሳውን ያለፈ ተጠቃሚ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፣ ከቆየበት ግን ለስላሳው ወደ ጠንካራ ይለወጣል። በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች አንድ ማሽን ለሚጋሩባቸው ዩኒቨርሲቲዎች የመሪ ሂል ዓይነት ንግግር አይበቃም ነበር። ከኮታው በፊትም ሰባተኛው እትም ዩኒክስ የእያንዳንዱን ባለቤት ይዞታ በስም የሚደምር ኩዎት የሚባል ትእዛዝ ነበረው።

በ1980ዎቹ ሌላ ዓይነት ሙላት ተገለጠ። በ1979 በዱክ ዩኒቨርሲቲ ቶም ትረስኮትና ጂም ኤሊስ ያሰቡት ዩዝኔት የውይይት ጽሑፎችን ከማሽን ወደ ማሽን እያዛወረ ሲያድግ፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ በዲስክ ላይ አንድ ፋይል ሆኖ ይቀመጥ ነበር። አስተዳዳሪው ያረጁትን በየሌሊቱ የሚያስወግድ ፕሮግራም ቢኖረውም ዲኤፍ ብዙ ቦታ አለ እያለ ማሽኑ «ቦታ የለም» የሚልበት ጊዜ ይመጣል። ያለቀው አይኖድ ነው። በባህላዊዎቹ ፋይል ሲስተሞች የአይኖዶች ብዛት ፋይል ሲስተሙ ሲፈጠር ይወሰናል፤ በኤክስት 4 የተለመደው ለየ16 ኪሎባይቱ 1 አይኖድ ነው፣ ከዚያ ያነሱ ፋይሎች ሲበዙ ብሎኩ ሳያልቅ አይኖዱ ያልቃል። ከርነሉ ለሁለቱም እጥረት አንድ ዓይነት የስህተት መልእክት መስጠቱ ነገሩን አባብሶታል፤ ለዚህ ይመስላል ዲኤፍ አይኖድን የሚቆጥር አማራጭ ያለው። ዩዝኔት ቢደበዝዝም ችግሩ አልሄደም፤ የኢሜይል ወረፋና ያልተጠረጉ የድረ ገጽ ሴሽን ፋይሎች ዛሬ ያንኑ ያደርጋሉ።

ከሁሉ የሚዘወተረው ተጠርጣሪ ግን ሎግ ነው። ኤሪክ አልማን በበርክሌይ ለኢሜይል ማስተላለፊያው ለሴንድሜይል ብሎ የሠራው ሲስሎግ ለፕሮግራሞች ሁሉ የጋራ መጻፊያ ሲሆን፣ ቫር የሚባለው ፎልደር ያለማቋረጥ የሚያድግ ነገር መኖሪያ ሆነ። አስተዳዳሪዎች የየራሳቸው የመጥረጊያ ስክሪፕት ነበራቸው፤ በ1990ዎቹ በሬድ ሃት ኤሪክ ትሮን የጻፈው ሎግሮቴት የእነዚህን ቦታ ወሰደ። ሎጉን በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ስም ይቀይራል፣ ያረጀውን ይጨምቃል፣ የባሰ ያረጀውን ያጠፋል። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ አዲሱን ፋይል እንዲከፍት ምልክት መላክ አለበት፤ ይህ ሲረሳ ስም የሌለው ፋይል ተመልሶ ይመጣል። ኋላ በሊኑክስ የመጣው ሎግ ሰብሳቢ ጆርናልዲ ችግሩን በጣሪያ ፈታው። ሌላ ካልተነገረው ከፋይል ሲስተሙ 10 በመቶ አይበልጥም፣ ይህም ቢሆን ከ4 ጊጋባይት አያልፍም።

እስከ 1990 ድረስ የቆጠራው ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ረጅም የቁጥር ዝርዝር ነበር። በዚያ ዓመት በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሰውና ኮምፒውተር መስተጋብር ላብራቶሪ ውስጥ 14 ተጠቃሚዎች የሚጋሩት አንድ ባለ 80 ሜጋባይት ዲስክ ሞላ። የላብራቶሪው ኃላፊ ቤን ሽናይደርማን ቦታው የት እንደሄደ በአንድ እይታ ማየት ፈለገ። ፎልደርን እንደ ዛፍ መሣል የታወቀ ነበር፣ ነገር ግን የዛፍ ሥዕል አብዛኛውን ገጽ ባዶ ይተዋል፣ መጠንንም አይናገርም። ሽናይደርማን የደረሰበት ሐሳብ ስክሪኑን በሙሉ መሸንሸን ነው። አራት ማእዘኑ በዋናዎቹ ፎልደሮች መጠን ልክ ወደ ጎን ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል በውስጡ ባሉት ልክ ወደ ታች ይከፈላል፤ እንዲህ አቅጣጫ እየተፈራረቀ እስከ ፋይል ይደርሳል። ስሌቱ ጥቂት መስመር ብቻ ነው፣ አንድም የስክሪን ነጥብ አይባክንም፣ ትልቁ ፋይል ትልቁ መሬት ነው። ተማሪው ብራያን ጆንሰን በማኪንቶሽ ላይ ትሪቪዝ በሚል ስም ሠራው፤ የሽናይደርማን ጽሑፍ በ1992 ታተመ።

ትሪማፕ የተባለው ይህ አሣሣል ከዲስክ አልፎ ሄደ። በ1998 ማርቲን ዋተንበርግ ለስማርትመኒ ድረ ገጽ የአክሲዮን ገበያውን በእሱ አሣለ፤ ብዙ ሰው ትሪማፕን ያወቀው በዚያ ነው፣ ከሞላ ዲስክ መወለዱን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ስሌት አንድ ድክመት ነበረው፤ ክፍፍሉ እየቀጠለ ሲሄድ አራት ማእዘኖቹ ክር መስለው ይቀጥናሉ፣ ለመመዘንም ለመንካትም አይመቹም። በኔዘርላንድ የአይንድሆቨን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያርከ ፋን ዋይክና ባልደረቦቹ በ1999 ማእዘኖቹን እንደ ትራስ ጥላ ሰጧቸው፣ በ2000 ደግሞ ወደ ካሬ የቀረበ ቅርጽ የሚያወጣ ስሌት አሳተሙ። ከዚያው የወጣው ሴኮያቪው፣ ለሊኑክስ ዴስክቶፑ ለኬዲኢ የተሠራው ኬዲርስታትና እሱን አርአያ አድርጎ በ2003 ለዊንዶውስ የመጣው ዊንዲርስታት ይህን ሥዕል ወደ ተራው ተጠቃሚ አደረሱት።

ሰርቨር ግን ብዙውን ጊዜ ስክሪን የለውም። አስተዳዳሪው በሩቅ ሆኖ በጽሑፍ መስኮት ብቻ ያየዋል፣ ስለዚህ ሥዕሉ እዚያ አልደረሰም። ዮራን ሄሊንግ በ2007 ያወጣው ኤንሲዲዩ ለዚህ መካከለኛ መንገድ አገኘ። መጀመሪያ እንደ ዲዩ አንድ ጊዜ ይቆጥራል፣ ከዚያ ፎልደሮቹን በመጠናቸው ደርድሮ በቁልፍ እየገቡ እየወጡ እንዲታዩ፣ አላስፈላጊውም እዚያው እንዲሰረዝ ያደርጋል። በሥራ ላይ ላለ ሰው ከየትኛውም ሥዕል የሚበልጥ ይኸው ነው፤ ቆጠራው ሰዓት ሲፈጅ ደጋግሞ ማስቆጠርን ያስቀራልና።

ከ2000ዎቹ ወዲህ የፋይል ሲስተሞቹ ተፈጥሮ ራሱ ተለውጧል። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ2005 ክፍት ያደረገው ዜድኤፍኤስ በተጻፈ ብሎክ ላይ መልሶ አይጽፍም፤ አዲሱን ሌላ ቦታ ያኖራል፣ የቀድሞው በስናፕሾት (ዲስኩ በአንድ ቅጽበት የነበረውን መልክ በሚያቆይ ቅጂ) ከተያዘ ሳይነካ ይቆያል። ባለፈው ሳምንት ስናፕሾት የተነሣለትን 100 ጊጋባይት መሰረዝ አንድም ባይት አያስለቅቅም። ዲዩ አሁን ያለውን ብቻ ይቆጥራል፤ ስናፕሾት የያዘውን የሚያውቀው የዜድኤፍኤስ የራሱ ትእዛዝ ነው። ብሎክ የሚጋሩ ቅጂዎች በሚፈቅዱት እንደ ቢትርኤፍኤስ ባሉት ላይ ደግሞ ዲዩ ወደ ሌላው ጎን ይስታል፤ አንዱን ብሎክ በየቅጂው እየደገመ ይቆጥረዋል። በ2013 የመጣው፣ ፕሮግራሞችን በኮንቴይነር የሚያስኬደው ዶከር ንብርብሮችን አንዱን በሌላው ላይ ማውንት ስለሚያደርግ ቁጥሩን ያበዛዋል፤ የኮንቴይነሮቹ ሎግ በነባሪ ቅንብሩ ጣሪያ የለውም፣ ያረጁ ምስሎችም ተጠራቅመው ይቀራሉ። በ2017 ዶከር የራሱን ዲኤፍ ጨመረ። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ሰርቨር ላይ ሦስት አራት መዝገቦች ተደራርበው ሊገኙ ይችላሉ፣ እያንዳንዳቸውም የሚያውቁት የራሳቸውን ወለል ነው።

ቆጠራውን ጨርሶ ለማስቀረት የሞከሩም አሉ። በ2006 የቀረበውና በሴጅ ዋይል የተመራው ሴፍ በፋይል ሲስተሙ ውስጥ ለየፎልደሩ ከሥሩ ያለውን ጠቅላላ መጠን ራሱ ይይዛል፤ ፋይል ሲያድግ ድምሩ ወደ ላይ እየተላለፈ ይታደሳል፣ ትንሽም ይዘገያል። ዲዩ ሰዓታት የሚዞርለትን ቁጥር እንደ ዲኤፍ ወዲያው ያነባል። ይህ በሺህ በሚቆጠሩ ዲስኮች ላይ ለተበተነ ማከማቻ የግድ እንጂ ምርጫ አልነበረም፣ እዚያ ላይ ፋይል ለፋይል መዞር የማይታሰብ ነው።

በኪራይ ሰርቨር ላይ ደግሞ ፍለጋው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። አማዞን ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ዲስክን ማሽኑ ሳይቆም ማስፋት ፈቅዷል፤ ጥቂት ትእዛዝ ተሰጥቶ ፋይል ሲስተሙ ይዘረጋል፣ ማንቂያው ይጠፋል፣ የሞላው ነገርም ሳይታወቅ ይቀጥላል። ያንኑ ዲስክ መልሶ ማጥበብ ግን አይቻልም። ኋላ ላይ አንድ ሰው ኤንሲዲዩ ከፍቶ ግማሹ ያረጀ ሎግ መሆኑን ቢያገኝና ቢጠርገው እንኳ ኪራዩ በሰፊው ዲስክ ልክ ይቀጥላል፤ ለመቀነስ አዲስ ትንሽ ዲስክ ተፈጥሮ መረጃው ወደዚያ መገልበጥ አለበት።